የሙሴ ይልማ በርጩማ

የሙሴ ይልማን መሞት ያረዳኝ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ግርማ ይባላል፤ ከድሬዳዋ በደወሌ ድንበር በኩል ጭኖ የመጣ ሰው። ሐሙስ ረፋድ ላይ እዚህ ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር የሚገኘውን የማኅበራችንን በር አንኳኳና «እትዬ ፋንታዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ብብቱ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። «እህትየው ናቸው አድርስልኝ ያሉኝ» ብሎ አቀበለኝና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ነጠላውን ሳልፈታ በእጄ ዳበስኩት። ሦስት እግር፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ገመድ። የሙሴ ይልማ በርጩማ ነው። እሳቸው በሕይወት እያሉ ይህ በርጩማ ከእጃቸው የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን የተቀበልኳቸውም እኔው ነኝ። ስለዚህ ሹፌሩ ምንም ሳይል ገባኝ።

«መቼ?» አልኩት።

«አርባቸው እንኳ ወጥቷል፤ ነፍስ ይማር» አለኝ።

አርባ ቀን ሙሉ እንዳሉ አድርጌ በልቤ ሳዋራቸው ነበር ማለት ነው። ነገ እደውላለሁ፣ ለሳምንት እደውላለሁ፣ ያቺን ነገር እነግራቸዋለሁ እያልኩ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልተናገርኩትን በስልክ ልናገር። የኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው።

ሙሴ የምንላቸው እንደ ድሬዎች ነው። ድሬ ላይ ፈረንሳይኛ የሚናገርና ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት ሽማግሌ ሁሉ ሙሴ ነው። አባታቸው የምድር ባቡር አናጢ ነበሩ፤ በርጩማውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ሸራው ከተጣለ የባቡር ዕቃ የተቀደደ ነው። ሙሴ ይልማ በዚያው ባቡር ልጅ ሆነው ጅቡቲ መጥተው፣ እዚሁ ተምረው፣ አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆነው ሸበቱ። ጡረታ ወጥተው ያርፋሉ ሲባል፣ ጠበቃ መቅጠር የማይችሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራትን የሕግ ሥራ በነፃ ያዙ። መተዳደሪያ ደንብ ይጽፋሉ፣ የመጠለያ ቤት ውል ያዘጋጃሉ፣ ከአከራይ ጋር ይሟገታሉ። የኛ ማኅበር አንዱ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ የታመሙ፣ ያረገዙ፣ ወይም አንድ ጠዋት ሻንጣቸው ደጅ የተወረወረ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚያርፉበት ቤት ነው ያለን። እኔ ራሴ ፈረንሳዮች ቤት ስሠራ ኖሬ ቋንቋ የለቀምኩ ሰው ነኝ፤ ሶማሌኛውንም ገበያ ላይ ነው የተማርኩት። የማኅበሩ ሰዎች እሱን አይተው ጸሐፊ አደረጉኝ።

የሙሴ ይልማ አሠራር ከማንም አይገጥምም ነበር። አንድ ቤት ልንከራይ ወይም ልንረከብ ስንል፣ ወረቀት ከመያዛቸው በፊት ሄደው ይቀመጡበታል። በቃ፣ መቀመጥ ነው። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ያወልቃሉ፣ የበርጩማውን ገመድ ይፈታሉ፣ ክፍሉ መሃል ዘርግተውት ግማሽ ሰዓት አይናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። አከራዩ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፤ እኔ በኀፍረት ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ሲበቃቸው ይነሱና በርጩማውን አጥፈው ያስሩታል። ቋጠሮው የአባታቸው ነው፤ ሦስቴ ይዞርና ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ላግዝዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ «ተይ፣ ታበላሺዋለሽ» ይሉኛል።

«ቆሞ ያየ ሰው ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው የሚታይሽ» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ገና ከበሩ «አየሁት፣ ጥሩ ነው፣ እንሂድ» ባይ ነኝ። «ፋንታዬ፣ ምላስሽ ፈጣን ነው፣ መቀመጫሽ ግን ሰነፍ» ብለውኝ ሳቅ ያሉ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

አንድ ጊዜ ካርትዬ ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤት ልንከራይ ሄድን። ቀለም የተቀባ፣ ቧንቧው ግቢው ውስጥ ያለ፣ ምን ይወጣለታል። ሙሴ ይልማ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ከግንቡ ማዶ የጎረቤት ሴትዮ ባልዲ ስትሞላ ተሰማ፤ ወዲያው የኛ ቧንቧ ጠብታዋን አቆመች። ሙሴ ይልማ ተነሱና አከራዩን በጨዋ ፈረንሳይኛ ጠየቁት። ለካ መስመሩ አንድ ነው፣ መዝጊያው ያለው ጎረቤት ግቢ ነው። ውሉ ላይ ስለ ውሃው አንድ አንቀጽ ጨመሩበት። ሙቀቱ በበረታበት ወር ጎረቤትየዋ ስትዘጋብን ያ አንቀጽ ነው ያዳነን።

«ወረቀት ዓይን የለውም» አሉኝ ያን ለት። «እኛ ካላየንለት ዕውሩን ሰው ላይ ነው የሚሄደው።» እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ማስፈረሙም ቢሆን ጣጣ ነበር። ደንብም ይሁን ውል፣ ቤቱ ውስጥ ላሉት ሴቶች ሁሉ ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዙኛል። ከዚያ አንዷን ይመርጡና «በይ የገባሽን ንገሪኝ» ይሏታል። ልጅቷ ካልገባት እንደገና ነው። አንድ ቀን ሦስቴ አስነብበውኝ ድምፄ ተዘግቶ «እኔን ሊገድሉኝ ነው እንዴ?» ብላቸው፣ «የሚኖሩበት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ውሃ ጠጪ» አሉኝ።

አሁን ያለንበት የሆዳኑ ቤት የአንድ ሟች ነጋዴ ነበር። ልጆቹ የሚኖሩት ፈረንሳይ ነው፤ ለአባታችን ነፍስ ብለው ለማኅበሩ ሊሰጡን መጡ። እኛ በዚያ ሰሞን ካርትዬ ሁለት ያለውን ቤት ልቀቁ ተብለናል። ሰባት ሴቶች አሉን፤ አንዷ መውለጃዋ ደርሷል። ልጆቹ ደግሞ ነገ ማታ እንበራለን፣ ነገ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልተፈረመ ይቅር አሉ። ሙሴ ይልማ ቤቱን ሊያዩ ጫማቸውን ሲያስሩ ትኩሳት ጣላቸው። ሶፋ ላይ ተጋድመው፣ ላቡ በአንገታቸው እየወረደ በርጩማውን ሰጡኝ።

«ሄደሽ ተቀመጪልኝ» አሉኝ። «ግማሽ ሰዓት። የመጣ ቢመጣ አትነሺ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ጅቡቲን ቀትሯን ያላየ ሰው አያውቃትም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ቢሮው ይዘጋል፣ ጫቱ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሆዳን የደረስኩት በዚያ ሰዓት ነው። ነፋሱ ፊቴን ይለበልበኛል። በተሰጠኝ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። የፊቱን ሦስት ክፍሎች ዞርኳቸው፤ ባዶ። ወደ ኋላው ግቢ የሚያወጣውን በር ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ግቢው ጥግ ቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል አለች፤ ልጆቹ ዕቃ ቤት ናት ብለውኛል። ሌላም ያየሁት ነገር ነበር፣ እሱን ኋላ እናገረዋለሁ። በርጩማው ብብቴ ሥር እንዳለ በሩን ዘጋሁና ተመለስኩ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

ሙሴ ይልማ በርጩማውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ገመዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ቆይተው፣ ወደኔ ሳያዩ ጠየቁኝ።

«ተቀምጠሽ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። «ባዶ ነው። አንድ ዕቃ ቤት ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የለም።»

«ብዕር አምጪ» አሉኝ። ባዶ ቤት ስንረከብ ሰነዱ ግርጌ የሚጽፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረቻቸው፤ «ቤቱን ውስጡ ተቀምጠን አይተነዋል፤ ሰው የማይኖርበት ባዶ ቤት ነው።» ጻፏትና ፈረሙ። በማግሥቱ ስጦታው ጸደቀ፣ ልጆቹም በረሩ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ፍራሻችንን በፒካፕ ጭነን ገባን። እልል ያሉም ነበሩ። የኋላዋ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የምንጣፍ መልክ አለ፤ ሰው የሚተኛበት ቦታ ነጣ ብሎ ዙሪያው ጠቁሯል። ግድግዳው ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ምስማር። ጥግ ላይ እስከ አፉ ውሃ የተሞላ ጄሪካን። ትኖርባት የነበረችው ሴት ሞልታው ነው የሄደችው።

ነገሩን የነገረችን የፊት ለፊት ጎረቤታችን ሶማሌ ሴት ናት። ክፍሏ የወይዘሮ ዘሀራ ነበረች። ዘሀራ የድሬ ሰው ናት፤ የነጋዴው ወጥ ቤት ሆና ከሃያ ዓመት በላይ እዚያች ክፍል ኖራለች። ሰውየው እስክትሞቺ ኑሪባት ብሏት ነበር፣ በቃል። ልጆቹ ይህን ለኛ መንገር አልፈለጉም። ወኪላቸው ውጪ ሲላት አልወጣም አለች። ያን ያህል ዘመን የኖረን ሰው ሕጉም እንዲሁ ብድግ አድርጎ አያስወጣም። ግን ወኪሉ እጅ የኛ ወረቀት ነበረች። ለፖሊስ አሳያት፤ ተረካቢው ማኅበር ራሱ ተቀምጦ አይቶ ባዶ ነው ብሎ ፈርሟል፣ ይህቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ሰብራ የገባች ናት አለ። የሃያ ዓመት ነዋሪ በኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የሳምንት ወራሪ ሆነች። ጥቅሏን አሸክመው አወጧት። ወዴት እንደሄደች ጎረቤትየዋ አላየችም።

ይህን ሁሉ ከሶማሌኛ ወደ አማርኛ እያዞርኩ ለሙሴ ይልማ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ። ሶማሌኛው ለሳቸው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን ሴቶቹም ይስሙ ብለው አስተረጎሙኝ። ሰምተው ሲጨርሱ በርጩማቸውን ይዘው ገቡና ከምንጣፉ መልክ አጠገብ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት። ሲወጡ እንደገና ጠየቁኝ።

«ተቀምጠሽ ነበር አይደል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። «ተቀምጬ ነበር፤ ምንም ድምፅ አልሰማሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ያልተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። በዚያው ሳምንት ጠቅላላ ጉባኤ አስጠርተው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልቀመጥ ጻፍኩ ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ አስመዘገቡ። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ፤ እንዳሉት ቃል በቃል ጻፍኩት። ደንባችን ላይም አንቀጽ ዘጠኝን አስገቡ። የኋላዋ ክፍል ወይዘሮ ዘሀራ እስክትመለስ ለማንም አትሰጥም ይላል።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ፈለጓት። ዓርብ ዓርብ በርጩማውን አንጠልጥለው ከከተማው ዳር ያለው ባልባላ ሰፈር ይወጣሉ። የመስጊድ ደጅ ሴቶችን፣ ምኒልክ አደባባይ ካፌ የሚሠሩ ልጆችን፣ ሹፌሮቹን ይጠይቃሉ። አንዳንዴ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ። እዚያ ባቡር መምጣት ከተወ ስንት ዘመን ሆነው፤ ግን ድሬ መግባት ያማራት አሮጊት እግሯ ወዴት ይወስዳታል ብለው ነው። የተዘጋው በር ፊት በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው አይቻቸው፣ ሳያዩኝ ዞሬ ሄድኩ። ዘሀራ የምትባል ሴት ከተማው ሙሉ ነው፤ የኛዋ ግን የለችም።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቀትር ላይ የኋላዋ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ። ጄሪካኑን ማንም እንዲደፋው አይፈቅዱም፤ ሲጎድል ራሳቸው ይሞሉታል። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ ኋላ ፈሩ። እሳቸው በሌሉበት ቀን ሳይቀር፣ ቀትር ላይ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ሰው ሲጠርግ እንሰማለን ይላሉ። ነፋስ ነው እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው፣ እኔም እሰማለሁ። መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። አማትቤ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

አንድ ሐሙስ ሻይ ላደርስላቸው ስጠጋ ሲያወሩ ሰማኋቸው። በሶማሌኛ ነው፣ ቀስ ብለው፣ ሰው እንደሚያባብል። «ትንሽ ታገሺ፣ አንድ ቀን ትናገራለች» ይላሉ። ዘሀራን እንደሚያናግሩ ገብቶኛል። ማን ናት የምትናገረው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሻዩን ደፉ ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ።

አምና ልባቸው ደከመና እህታቸው ወደ ድሬ ወሰዷቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ፋንታዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አሉኝ።

«በሰላም ይግቡ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉና መኪናው ሄደ። ያ ነው የመጨረሻችን።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ፣ ሹፌሩ ውሃ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ነጠላውን ፈታሁ። በርጩማው በቋጠሯቸው እንደታሰረ ነው፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉ የጠፋ። ልቀመጥበት ብዬ ገመዱን ያዝኩ። ጫፉን ማግኘቱ ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ተቀምጬ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ እንደነበረ ልመልሰው ብዬ ማሰር ጀመርኩ። ሦስቴ አዞርኩ፣ ጫፉ አልገባ አለ። ደገምኩት፣ ላላ። ሰለስኩት። እጄ እስኪቀላ ሞከርኩ፤ የሳቸው ቋጠሮ በኔ እጅ የሚታሰር አይደለም።

እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። በዚያ የትኩሳታቸው ቀን አስረው ነው የሰጡኝ። ያው ቋጠሮ ሳይነካ ተመለሰላቸው። ፈትቼው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አድርጌ ላስረው አልችልም፤ ያልተፈታ በርጩማ ላይ ደግሞ ማንም አይቀመጥም። አውራ ጣታቸው ገመዱን ሲዳስስ አሁን ታየኝ። ውሸቴን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ያውቁ ነበር። አውቀውም ፈረሙ፤ ለሰባቱ ሴቶች ብለው፣ ለነፍሰ ጡሯ ብለው፣ ምናልባትም ባዶ ይሆናል ብለው ራሳቸውን አታለው። ሳልቀመጥ ጻፍኩ ሲሉ እኔን የሸፈኑ መስሎኝ ነበር። የለም፣ የራሳቸውን ጥፋት ነው የተናገሩት። የኔን ለኔ ትተውልኝ፣ እስክናገር ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ በሰላም ይግቡ አልኳቸው።

በማግሥቱ ዓርብ ጠቅላላ ጉባኤ ነበረን። የተሰበሰብነው ለአንድ ነገር ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ። ነገሩ የምር ጨንቆናል። ዐሥራ ሁለት ሴቶች በሦስት ክፍል ተጣበናል፤ ሰብለ የምትባል ልጅ በቅርቡ ወልዳ ከአራስ ልጇ ጋር ኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አበበች «ሙሴ ይልማም ዐረፉ፣ ሴትዮዋም በሕይወት አትኖር ይሆናል። ለሌለ ሰው ክፍል ዘግተን አራስ ኮሪደር ላይ እናስተኛ?» አሉ። ልክ ናቸው። ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ የሙሴ ይልማን ነገር ጠባቂ ተደርጌ የምታየው እኔ ነኛ።

ቃለ ጉባኤውን ዘጋሁት። በርጩማውን መሃል አስቀምጬ ተቀመጥኩበት።

«ያን ቀን አልተቀመጥኩም» አልኩ። «ሙሴ ይልማ ሂጂ ብለው ሲልኩኝ አልተቀመጥኩም። ተቀምጫለሁ ብዬ ዋሸኋቸው፤ ሁለቴ።»

ሰብለ ልጇን እያጠባች ነበር። ልጅ ናት፣ ለክፋት ብላ አይደለም የጠየቀችኝ።

«ታዲያ ባዶ መሆኑን በምን አወቁ፣ እትዬ ፋንታዬ?»

ስድስት ዓመት ደብቄው የኖርኩት ይሄ ነው። «ባዶ እንዳልሆነ ነው ያወቅኩት» አልኳት። «ግቢው ውስጥ ገመድ ተወጥሮ ነበር። ገመዱ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ተሰጥቷል። ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።»

በዚያ ቀትር ሻሽ ለመድረቅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። አጥባ ያሰጣችው ሴት ከቆርቆሮው በር ጀርባ ነበረች። ብጣራ አቤት ትለኝ ነበር። ሙቀቱ አስመርሮኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሰው ካለበት ቤቱ ይቀርብናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ይህንንም ነገርኳቸው።

ወይዘሮ አበበች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ድምፅ እንስጥ የሚል ሰው ጠፋ። ቀድማ የተናገረችው ሰብለ ናት።

«እኔ እገባባታለሁ» አለች። «አንቀጹን ግን አይሰርዙት። ስትመጣ እወጣላታለሁ ብለው ይጻፉበት።»

ጻፍኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩት። ሰብለን «በይ የገባሽን ንገሪኝ» አልኳት፤ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። ከሥሩ የራሴን አስመዘገብኩ፤ እኔ ፋንታዬ ሰው እንዳለ እያየሁ ባዶ ነው ብያለሁ። ፈረምኩበት።

ሰብለ በዚያው ዕለት ገባች። ጄሪካኑን እንዴት ላድርገው ብትለኝ አጥበሽ ሞልተሽ ጠጪው አልኳት። በርጩማው እኔ ጋ ነው፤ ገመዱን እንደ ማንም ሰው ነው የማስረው፣ መንገድ ላይ እየተፈታ ያስቸግረኛል። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ባልባላ የምወጣው እኔ ነኝ።

ትናንት ቀትር ላይ የኋላውን በር ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ገመዱ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቷል፣ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰብለ ውስጥ እንዳለችም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ግቢውን ተሻግሬ የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ።

«ሰው አለ?» አልኩ።

«አለን፣ ይግቡ» አለችኝ ከውስጥ።